ግማሽ ፈረስ

ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚናገረው መኪናዬ ነው፤ እሱ ሳይጨርስ እኔ ቃል መተንፈስ አልችልም። በሩን ከፍቼ እገባለሁ፣ መሪውን እይዛለሁ፣ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። አብሽር አስራ ሰባቱን የሻንሲ ቁጥሩን፣ ፊደሉንም አኃዙንም ሳያስቀር፣ ረጋ ብሎ ይጠራል። መጨረሻ ላይ "ስልሳ ፈረስ፣ ደህና አድሬያለሁ" ይላል። አዲስ አበባ ያለው የሞተሮች መዝገብ "ተመዝግቧል" ብሎ ሲመልስለት ጎማው ይላቀቃል። ከዚያ በፊት ቤት ቢቃጠል ንቅንቅ የለም።

አብሽር የመኪናዬ ስም ነው። የድሮው ባለቤት፣ አይዞህ እንደ ማለት፣ ከኋላ መስታወቱ ላይ በትልቁ አጽፎበት ነበርና በዚያው ጸና። እኔ ደግሞ ዘሀራ እባላለሁ። ከላይ ሰፈር ወደ ደሴ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ላይ ሰፈር ሰው አመላልሳለሁ። ምላሴ ሹል ነው ይሉኛል። ይበሉ! ለስላሳ ምላስ ይዞ ሹፌር የሆነ ሰው ካያችሁ አሳዩኝ።

በዚያ የጠዋት ሰዓት ደሴ መሃል ብትቆሙ ከተማው በሙሉ ቁጥር ሲጠራ ትሰማላችሁ። ወፍጮው ይናገራል፣ የውሃ መሳቢያው ይናገራል፣ የሆስፒታሉ አሳንሰር ይናገራል፣ የፀጉር ቤቱ ማድረቂያ ሳይቀር በቀጭን ድምፁ ይናገራል። ሞተር ያለው ሁሉ ቁጥር አለው፤ ቁጥር ያለው ሁሉ ጉልበቱን ለመዝገቡ ይነግራል። ልጆች ቁርሳቸውን የሚበሉት በዚህ ጫጫታ መሃል ነው፣ ለምደውታል። ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክም ድሮ "የማን ልጅ ነው?" ይባል ነበር አሉ። አሁን "የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር ይዛችሁ ኑ" ነው የሚባለው። ቁጥሩ ከመጣ ጉልበቱ ይታወቃል፣ ጉልበቱ ከታወቀ ልጁ በየትኛው መንገድ እንደሚነዳ ይታወቃል፤ ሌላ ምን ቀረ?

መንገድ የሚሰጠው በጉልበት ነዋ። ከመቶ ፈረስ በላይ የሆኑት በአዲሱ፣ በሜዳማው መንገድ ይሄዳሉ። ከመቶ በታች የሆንነው በአሮጌው፣ በአጋም ዳገት እንወጣለን። ጉልበት ላለው ሜዳውን፣ ጉልበት ለሌለው ዳገቱን ማን እንዳደለ አትጠይቁኝ። እኔ ጠይቄ "መመሪያው ነው" ተብዬ ተመልሻለሁ።

ከገበያ መልስ ስንወጣ፣ አጋም ዳገት ሁለተኛው ጥምዝ ላይ አብሽር ያቃስታል። ያኔ እኔ "ያ ጀመዓ!" እላለሁ። ተሳፋሪው በሙሉ ይወርዳል፣ ትከሻውን ያስጠጋል፣ ይገፋል። በቀኝ በኩል አባ ይማም ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የመንገድ ሥራ አለቃ፣ ድምፃቸው ከሳቸው በፊት የሚደርስ ሽማግሌ። በግራ እማዋይሽ ናት፤ በርበሬ ነጋዴ፣ ትከሻዋ እንደ በር የሰፋ። አባ ይማም "በል! በል! አንድ ላይ!" ይላሉ፣ አብሽር ይወጣል፣ ሰው ይሳፈራል፣ ወሬው ካቆመበት ይቀጥላል። "ገፋን" ብሎ የሚያወራ የለም። ምሳ በልቶ "አኘክሁ" ብሎ የሚያወራ አለ እንዴ?

እንዲህ እየኖርን ሳለ መመሪያው ተለወጠ። ድሮ ጉልበት የሚነገረው ጠዋት አንዴ ብቻ ነበር። ከኅዳር ጀምሮ ግን መኪና ሲሄድ ሲቆም፣ ሲወጣ ሲወርድ፣ በየደቂቃው የወጣውን ጉልበት መናገር አለበት ተባለ። አብሽር ታዛዥ ነው። ጭነቱን፣ ዳገቱንና ፍጥነቱን እያሰላ ያየውን ሁሉ ሳይደብቅ ተናገረ።

አንድ ቀን ጠዋት ቁጥሩን ጠርቶ ሲጨርስ፣ "ዘሀራ፣ ተከሰናል" አለኝ።

"በምን?"

"ስልሳ ፈረስ ተብዬ ተመዝግቤ ዳገቱ ላይ ሰባ ስምንት ፈረስ አወጣለሁ። አስራ ስምንቱ ከየት እንደመጣ ተጠይቀናል። በአንድ ሻንሲ ሁለት ሞተር ደብቃችኋል ተብለናል። መርማሪ ይመጣል። የጉልበቱ ምንጭ ካልተገኘ ቁጥሬ ይሰረዛል።"

የአየር ሁኔታ የሚያነብ ይመስል ነበር የሚያወራው። ቁጥሩ የተሰረዘ መኪና መናገር አይችልም፣ ካልተናገረ አይንቀሳቀስም፣ ካልተንቀሳቀሰ ተጎትቶ ሄዶ ይቀልጣል። ከአብሽር ሌላ እንጀራ የለኝም፤ ላይ ሰፈርም ከአብሽር ሌላ መኪና የለውም። አዲስ እንዳልገዛ፣ ባለ ስልሳ ፈረስ መኪና የሚሠራ ፋብሪካ ከቀረ ዘመን ሆኖታል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ደግሞ በሕልሜም አላየው። መሪው ላይ ተደፍቼ ትንሽ አለቀስኩ። አብሽር "አብሽሪ" አለኝ። የሱን ነገር!

መርማሪው ናሁሠናይ ይባላል። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ንግግሩ ትሁት የሆነ ሰው ነው። "እትዬ ዘሀራ፣ ይቅርታ፣ መክፈት ሊኖርብኝ ነው" አለና አብሽርን ጋራዥ አስገብቶ ከኮፈኑ እስከ ኋላ መብራቱ ፈታው። ወንበሩን አነሳ፣ ወለሉን አንኳኳ፣ ጎማው ውስጥ ሳይቀር አየ። ሁለተኛ ሞተር ቀርቶ ሁለተኛ ካቻቪቴ አላገኘም።

ከዚያ ሰዎቹን መጠየቅ ጀመረ። እማዋይሽን ከበርበሬዋ መሃል አግኝቷት፣ "ዳገቱ ላይ መኪናውን የሚያግዘው ነገር አለ?" አላት።

"ከእግዜር በቀር ማን ያግዘዋል?" አለች።

"በራሱ ነው የሚወጣው?"

"በራሱ ነው እንጂ! እንዴት ያለ ጎበዝ መኪና መሰለህ።"

አባ ይማም ጋ ሄደ። እሳቸው ጭራሽ ተቆጡ። "እኛ መኪናችንን እናውቀዋለን። አንድም ቀን ዳገቱ ላይ ጥሎን አያውቅም። ምን የሚሉት ጥርጣሬ ነው ይሄ?" አሉት።

እኔንም ጠየቀኝ። አላህ ያውቃል፣ አንዲት ነገር አልደበቅሁም። "ማርሽ እቀንሳለሁ፣ እረጋጋለሁ፣ ይወጣል" አልኩት። እውነቴን ነበር! በልቤ ሌላ ምንም ነገር አልመጣልኝም። ሰውየው በመጨረሻ ፊቱን እያሻሸ፣ "እንግዲያው አብሬያችሁ እወጣለሁ፤ የዛሬው የመለኪያ ንባብ ነው የሚጸናው" አለ። ጀምበር ሳትጠልቅ መልስ ማስገባት እንዳለበትም ነገረኝ። ካላስገባ ቁጥሩ በራሱ ጊዜ ይሰረዛል።

ከገበያ ስንነሳ ከጎኔ ተቀመጠ፣ መለኪያውን ጭኑ ላይ አደረገ። ከኋላ ተሳፋሪው እንደ ወትሮው ይንጫጫል፤ ዶሮ አለ፣ ጎመን አለ፣ የእማዋይሽ በርበሬ አለ፣ መርማሪው በርበሬው አስነጥሶት አስነጥሶት ዓይኑ ቀልቷል። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ደረስን። አብሽር አቃሰተ።

"ያ ጀመዓ!" አልኩ።

ሁሉም ወረደ። ናሁሠናይ ዞር ዞር ብሎ፣ "ደረስን እንዴ?" አለ። ሳልመልስለት አባ ይማም መጥተው በሩን በረገዱት።

"አንተ ልጅ! ሴቶች ከኋላ ትከሻቸውን አስጠግተው አንተ ተኮፍሰህ ትቀመጣለህ? ውረድ እንጂ!"

"አባቴ፣ እኔ እኮ መርማሪ ነኝ።"

"መርማሪ ትከሻ የለውም?"

ልጁ አፈረ። መለኪያውን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ወረደና በአባ ይማምና በጎመን ሻጯ መሃል ገብቶ ገፋ። በመስታወት አየው ነበር። ያ የሚያብለጨልጭ ጫማ አቧራ ውስጥ ሲንሸራተት፣ አባ ይማም "በል! አንድ ላይ! አንተ አዲስ አበቤ፣ ወገብህን ዝቅ!" ሲሉት ዝቅ ሲል። አብሽር ወጣ። ጫፍ ላይ ስንደርስ፣ "ሰባ ዘጠኝ ፈረስ" ብሎ ለመዝገቡ ተናገረ።

ናሁሠናይ መዳፎቹን አያቸው። አብሽርን አየው። ተሳፋሪውን በሙሉ አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቁን ለቀቀው፤ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

"እትዬ ዘሀራ፣ ይሄን ለምን አልነገራችሁኝም?"

"የቱን?"

"መግፋታችሁን ነዋ!"

እርስ በርሳችን ተያየን። እማዋይሽ፣ "እንዴ፣ እሱማ መውጣት ነው እንጂ" አለች። ጎመን ሻጯም፣ "አግዘነዋል እንዴ?" ብላ ጠየቀችን። ያኔ እኔም ሳቄ መጣ። ልክ እኮ ነው፣ ገፍተነዋል! ስንት ዘመን ሙሉ!

የሱ ሳቅ ግን ቶሎ ቆመ። መመሪያውን በቃሉ ያውቀዋል። "መኪናውን የሚያንቀሳቅስ ማንኛውም ጉልበት በሻንሲ ቁጥሩ ሥር ይመዘገባል፣ በየጠዋቱም ራሱ ይናገራል ነው የሚለው። ሞተር አይልም፤ ማንኛውም ጉልበት ነው" አለ። ወይ መግፋት እናቆማለን፣ ወይ የአብሽር አካል ሆነን እንመዘገባለን።

"ካቆምን በምን ልንወጣ?" አልኩት።

"እሱን መመሪያው አይልም።"

አባ ይማም ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ "መዝግበን!" አሉ። "የሞተር አካል መሆን ነውር አለው? እኔ በበኩሌ ከማንም ሞተር አላንስም።"

እዚያው ዳገቱ ላይ ተሰልፈን ተለካን። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ይገፋል፣ አብሽር ጉልበቱን ይናገራል፣ ናሁሠናይ ያስገባል። ሰርግ ነበር የሚመስለው። ጎመን ሻጯ "አንድ ፈረስ" ስትባል ወገቧን ያዘች። እማዋይሽ "ሁለት ፈረስ" ስትባል እልልታው ከጦሳ ተራራ ማዶ ተሰማ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ በበርበሬዋ ዋጋ የሚከራከራት ደንበኛ የለም። ከዚያ አባ ይማም ካፖርታቸውን አውልቀው ለኔ ሰጡኝና ቀረቡ። የአንገታቸው ሥር እስኪገተር ገፉ።

"ግማሽ ፈረስ" አለ አብሽር።

መኪና ይሉኝታ የለው!

"ግማሽ?" አሉ አባ ይማም። "የፊቱን ነው የኋላውን?"

በሳቅ ፈነዳን። ሳቃችን ሲበርድ ነው እሳቸው እንዳልሳቁ ያየሁት። ካፖርታቸውን ተቀበሉኝና ቁልፉን አንድ በአንድ ቆለፉ።

የሁሉም ሲደመር አስራ ስምንት ፈረስ ሆነ። በስልሳው ላይ ሰባ ስምንት። አብሽር ግን ለመዝገቡ የተናገረው ሰባ ዘጠኝ ነው። አንድ ፈረስ ጎደለን። ጀምበሯ አዘቅዝቃለች። እማዋይሽ "እኔን ድጋሚ ለካኝ፣ ምሳ ሳልበላ ነው የለካኸኝ" አለች። ዶሮዎቹም ሳይቀሩ ይለኩ ያለም ነበር። እኔ ግን የናሁሠናይን ፊት አየሁና ገባኝ። ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

"የኔ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "እኔም ገፍቻለሁ።"

ቢመዘግብ ምን እንደሚመጣበት ራሱ ነገረኝ። የመዝገቡ ሠራተኛ የሚመረምረው ሞተር አካል መሆን አይፈቀድለትም፤ ከመስክ ሥራ ያነሱታል። መስክ ደግሞ ይወዳል፤ አገር ማየት፣ ሰው ማየት ይወዳል። ባይመዘግብ አብሽር ይቀልጣል። "ወንድምዓለም፣ ተወው፣ እኔ ሌላ ሥራ አላጣም" አልኩት። ውሸቴን ነበር፤ ድምፄም አጋልጦኛል።

ዳገቱን ቁልቁል አየ። ከዚያ ስሙን ከኛ ስም ሥር አስገባ። "ናሁሠናይ፣ አንድ ፈረስ።"

"ተመዝግቧል" አለ መዝገቡ። አብሽርን አቅፌ ሳምኩት፤ ልጁንም እስመው ነበር፣ ሸሸ እንጂ።

እንዳለውም ሆነ፣ ከመስክ አንስተው አዲስ አበባ ወንበር ላይ አስቀመጡት። እኛም በአዲሱ ኑሯችን ቀጠልን። አሁን አብሽር "ስልሳ ፈረስ፣ ደህና አድሬያለሁ" ካለ በኋላ አካሎቹ በሙሉ በየቤታቸው ሆነው በስልክ ይናገራሉ። "እማዋይሽ፣ ሁለት ፈረስ፣ አለሁ።" ጎመን ሻጯ ከጓሮዋ፣ ሌላው ከአልጋው፣ አንዱ ጥርሱን እየፋቀ። መጨረሻ ላይ ከአዲስ አበባ፣ "ናሁሠናይ፣ አንድ ፈረስ፣ አለሁ" ይላል፤ እኛም በአንድ ድምፅ "እንኳን ደህና አደርክ!" እንለዋለን። ጤና ጣቢያ ስንሄድ ከስማችን በፊት "የየትኛው ሻንሲ ነሽ?" ይሉናል። እማዋይሽ ልጇ ዘንድ ኮምቦልቻ ልታድር ስትል አብሽርን ማስፈቀድ ነበረባት። እንግዳ ነገር ነው፤ መጀመሪያ ሰሞን ያስቀኝ ነበር፣ አሁን ሳልስቅ ማለፌን ሳስብ ትንሽ ይከብደኛል።

የአባ ይማም ድምፅ ግን በየቀኑ እየቀነሰ ሄደ። "ይማም... ግማሽ" ይላሉ፣ ፈረሱን ይውጡታል። ድምፃቸው ከሳቸው በፊት ይደርስ የነበረው ሰው! የሰፈር ልጆች ደግሞ አፋቸው አያርፍም፤ ሲያልፉ "ግማሽ መጡ" ይላሉ።

አንድ ጠዋት ሁሉም ተናገረ፣ እሳቸው አልተናገሩም። ጠበቅን። አብሽር፣ "አንድ አካል ይጎድለኛል፤ እስከ ቀትር ካልተናገረ ቁጥሬ ይሰረዛል" አለ።

ለመኪናው ይሁን ለሳቸው አላውቅም፣ እየሮጥኩ ነበር። እማዋይሽ ከወዲያ፣ ጎመን ሻጯ ከወዲህ፣ ሰፈሩ በሙሉ አባ ይማም ደጅ ተገናኘን። ሽማግሌው ከነሙሉ ጤናቸው ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ጀርባቸውን ለኛ ሰጥተው።

"ምነው አባ ይማም! ሞቱብን ብለን እኮ!" አለች እማዋይሽ፣ እያለከለከች።

"ግማሽ ሰው ቢሞት ግማሽ ለቅሶ ነው፣ ቶሎ ያልቅላችኋል።"

"እባክዎ፣ አንዴ 'አለሁ' ይበሉ። አብሽር ሊቀልጥብኝ ነው" አልኳቸው።

"ስሚ ዘሀራ" አሉ ዞረው። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "ያንን አጋም ዳገት የጠረግሁት እኔ ነኝ። እያንዳንዱን ጥምዝ። ዛሬ በየጠዋቱ፣ አገር እየሰማ፣ 'ግማሽ ነኝ' ልበል? አልልም። ለአብሽር ብዬም አልልም።"

እኔ ባለ ሹል ምላሷ የነጠላዬን ጫፍ መቋጠር ያዝኩ። ያን ጊዜ መንገዱ ዳር ከቆመው አብሽር ውስጥ የናሁሠናይ ድምፅ ከአዲስ አበባ መጣ፤ ለካ መስመሩ አልተዘጋም፣ ሁሉንም ሲሰማ ነበር።

"አባ ይማም፣ እንደምን አደሩ?"

"ደህና ነኝ። አንተ ባለ ሙሉ ፈረሱ ነህ?"

"መመሪያው ድምሩ እንዳይለወጥ ነው የሚለው። በአንድ ሻንሲ ሥር ማን ስንት እንደሚይዝ የአካላቱ ስምምነት ነው። እና... ያን ቀን እርስዎ በሩን በርግደው ባይቆጡኝ ኖሮ ከወንበሬ አልወርድም ነበር። እኔ የገፋሁት በእርስዎ ቁጣ ነው። ከዚያ ፈረስ ግማሹ የእርስዎ ነው፤ እኔ ዘንድ በስህተት ነው የተመዘገበው። ይውሰዱልኝ።"

አባ ይማም ተነሱ፣ ካፖርታቸውን አስተካከሉ፣ አብሽር ያለበት ድረስ በከዘራቸው እየተራመዱ ሄዱ። ሰፈሩ በሙሉ ተከተላቸው። ጀምበሯ አናት ላይ ልትደርስ ነበር። ደረታቸውን ነፉና እንደ ድሮው፣ ወፍጮውንም የውሃ መሳቢያውንም በሚያሰጥም ድምፅ ጮኹ፦

"ይማም! አንድ ፈረስ! አለሁ!"

እልልታው ቀለጠ። ጎማው ሲላቀቅ እግሬ ሥር ተሰማኝ፤ እንባዬን በነጠላዬ ጠራረግሁ። ከዚያ ከአዲስ አበባ፣ በትሁት ድምፁ፣

"ናሁሠናይ፣ ግማሽ ፈረስ፣ አለሁ" አለ ልጁ።

አባ ይማም ወደ አብሽር መስኮት ጎንበስ አሉ።

"የፊቱን ነው የኋላውን?"